የወተቱ ሰልፍና አዲሱ ቺፕ

የወተት መረከቢያው ላፕቶፕ አሮጌ ነበር። መዝጋቢዋ ወተቱን መዝና የሰውየውን ስም ስትነካ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ይወጣና ይዞራል። ገበሬዎቹ ክቡን «ወፍጮው» ይሉታል። ወፍጮው እስኪጨርስ ሰው ያወራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። በዚያ ሰልፍ ላይ ጥጃ ተሽጧል፤ ልጅም ተድሯል።

ዝምተኛው የሚሉት ገበሬ ሁልጊዜ ባለ ቀይ ላሟ ከሚሏት ሴት ኋላ ይሰለፋል። እሱ ሚስቱ ሞታበታለች። እሷም ባሏ ሞቶባታል። አብረን እንኑር ሊላት ይፈልጋል። ወፍጮው በዞረ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እስካሁን የደረሰው ግን «እንደምን አደርሽ» ላይ ነው።

አንድ ቀን ጨክኖ፣

«ላሟ ደህና ናት?» አላት።

«ላሟ ደህና ናት። እኔንም ብትጠይቀኝ ደህና ነኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ደክሞት ወደ «እንደምን አደርሽ» ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ሰው ተሰልፎ ሳለ ሬዲዮው ለላፕቶፕና ለታብሌት የሚሆን አዲስ ፈጣን ቺፕ መውጣቱን ተናገረ።

«ጥፍር የምታህል ነገር ናት አሉ» አለ ባለ ጋሪው።

«ጥፍር አክላ ምን ልትሠራ?» አለ አናጺው።

«ታስባለቻ!»

«እንዴት ብላ?»

«እኔ ምን አውቄ! አንተ ይህን የሚያህል ጭንቅላት ተሸክመህ መቼ አሰብክና ነው እሷን የምትጠይቃት?»

ሰዉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ቺፑን ላም ብትውጠው ወተት ይጨምር እንደሆነ ጠየቀ። እርግጠኛ የሆነ ሰው ስላልነበረ አይጨምርም ያለው የለም።

የወተት ማኅበሩ ሊቀመንበር እዚያው ስብሰባ ጠራ። «ዓለም ይሮጣል፣ እኛ ቆመናል!» ብሎ ጀመረ። ስለ ፍጥነት ተናግሮ ሲጨርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ የግማሹ ሰው ወተት ረግቶ ነበር። አዲሱ ቺፕ ያለበት ታብሌት ይገዛ ተባለ። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ባለ ቀይ ላሟ ናት።

«ተመስገን! ከእንግዲህ ቤቴ ቶሎ እገባለሁ» አለች።

ዝምተኛው እጁን አወጣ። በስብሰባ ላይ ተናግሮ ስለማያውቅ ሁሉም ዞሮ አየው።

«አሮጌው ምን አጠፋ?» አለና ተቀመጠ።



ታብሌቱ መጣ። መዝጋቢዋ የሰው ስም ስትነካ ገና ጣቷን ሳታነሣ ሥራው ያልቃል። የሚዞር ነገር የለም። ሰው ባልዲውን አስቀምጦ ሳይተነፍስ «ቀጣይ!» ይባላል። ጠብ የጀመሩ ሁለት ጎረቤታሞች ሳይጨርሱ ተለያዩና የቀረውን በማግሥቱ ቀጠሉ። ዝምተኛው «እንደ...» ሲል ባለ ቀይ ላሟ ባዶ ባልዲዋን ይዛ መንገድ ጀምራለች።

«ጋሼ፣ ይለፉ እንጂ» አለችው መዝጋቢዋ።

«ምን ያስቸኩላል?»

«እኔ ምን ላድርግ? ቺፑ ነው!»

ዝምተኛው ወተቱን ካስረከበ በኋላ አልሄድ አለ። ግድግዳውን ተደግፎ ታብሌቱን አፍጥጦ ያየዋል። አናጺው ይህን ልብ አለ። ባለ ጋሪውም ልብ ብሎ አናጺውን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

አንድ ቀን መዝጋቢዋ እጇን ታጥባ ስትመለስ ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ የለም። ሰው ሁሉ ይፈልግ ጀመር። ጆንያ ተገለበጠ፣ ጋሪ ተፈተሸ። ሽማግሌው የራሱን ኪስ ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ባለ ቀይ ላሟ እርጥብ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ተንበርክካ፣ ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ፈለገች። ዝምተኛው ብቻ ከግድግዳው አልተነቃነቀም።

ወተት የሚጠራቀምበት ትልቁ በርሜል ሲገለበጥ ታብሌቱ ከወተቱ ሥር ወጣ። ነጭ ሆኗል። መዝጋቢዋ ብትነካው፣ ብትጠርገው፣ ብታራግፈው አልበራም። አሮጌው ላፕቶፕ ከመደርደሪያ ወረደ።

ሊቀመንበሩ በሩን ዘግቶ ምርመራ ጀመረ።

«ንጹሕ ሰው ይናገራል። ጥፋተኛ ዝም ይላል» አለ።

ይህን ሲሰማ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። አናጺው ስለ ምስማር ተናገረ። ባለ ጋሪው የፈረሱን ጠባይ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ዘረዘረ። ሽማግሌው የሚለው ቢያልቅበት «የምለው አለቀብኝ» እያለ ቀጠለ። አንድ ሰው ብቻ ዝም አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትላለህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ዝምተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ጠበቀ። ደግሞ ጠረገና ወደ መሬት አየ።

«በቃ፣ አመነ!» አለ አናጺው። «ሲያፈጥበት በዐይኔ አይቻለሁ!»

«አሮጌው ምን አጠፋ ያለውስ እሱ አይደል?» አለ ባለ ጋሪው።

ሊቀመንበሩ ብዙ አላሰበም። «ፍጥነት የጠላ ይዘግይ!» ብሎ ፈረደ። ዝምተኛው ከነገ ጀምሮ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል።

«ይበለው! ይገባዋል!» ብላ ጮኸች ባለ ቀይ ላሟ።

ዝምተኛው ሊቀመንበሩን አላየም። እሷን አየና ባልዲውን አንሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ወፍጮው ይዞራል፣ ሰው ያወራል፣ ጎረቤታሞቹ ጠባቸውን እንደ ልብ ይጣላሉ። ዝምተኛው ከጫፍ ቆሞ የሚያየው የአናጺውን ጀርባ ነበር። ባለ ቀይ ላሟ ግን ከፊት ነበረች፤ ተራዋ ደርሷል።

«እትዬ፣ የእርስዎ ተራ ነው» አለች መዝጋቢዋ።

ባለ ቀይ ላሟ ባልዲዋን አነሣች። ሰልፉን ሁሉ ወደ ኋላ አልፋ መጣችና ከዝምተኛው አጠገብ ቆመች።

«ሌላ ታብሌት ሲገዙ ደግሜ አልነክርልህም፤ የምትለውን ዛሬ በል» አለችው።