ሰላጣ ብቻ

የባሏን ሱሪ ወገብ ስንት ጊዜ እንዳጠበበች ልብስ ሰፊዋ መቁጠር ትታለች። ስፌቱን ትተረትራለች፣ ትርፉን ጨርቅ ታጥፋለች፣ መልሳ ትሰፋለች። ለሌላ ሴት እያሳመርኩት ይሆን የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ቢመጣም አያንገበግባትም። የእናቷ ኩላሊት ደክሞ ሐኪሞቹ ራሳቸውን ከነቀነቁ ወዲህ ልቧ ደንዝዟል።

ባሏ ቀያሽ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «በርሜሉ» ይለው ነበር። ድግስ ሲጠራ ከድስቱ አጠገብ የማይጠፋ፣ የሰው ሰሃን ሳይቀር የሚያራግፍ ሰው ነበር። ከመንፈቅ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፣ ዳቦ አይነካም። ምን ነካህ ሲሉት «ቅልል ልበል ብዬ ነው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

እሁድ የእህቷ ልጅ ልደት ነበር። ጠረጴዛው በሥጋው፣ በሩዙ፣ በኬኩ ተጨናንቋል። ባሏ ሰሃን አንስቶ ጥግ ጥጉን ዞረና ሰላጣና ካሮት ብቻ ቆነጠረ። ከዚያ ለኬኩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የውሃ ብርጭቆውን ይዞ ከሰው ጋር ያወራ ጀመር።

«ምነው፣ ጥንቸል ሆንክ እንዴ?» አለችው እህቷ።

ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሰሃኑን ግን አላስነካም።

እናቷ ያበጡ እግሮቿን ትራስ ላይ ሰቅላ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ኬክ ቆርሳ ወደ አማቿ ዘረጋች።

«አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!»

«አፈር አይሁኑ፣ እማማ» አለ። ዐይኑ ቀላ። «እምቢ ማለቴ ንቀት እንዳይመስልዎት።»

«መስሎኛል» አለች አሮጊቷ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እህቷ ልብስ ሰፊዋን ወደ ኩሽና ጎተተቻት።

«አንቺ፣ ዐይን የለሽም? ወንድ በዚህ ዕድሜው ሸንቀጥ ልበል ሲል ለሚስቱ ብሎ ነው? አንዷ ይዛዋለች።»

«ትያዘዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች።

እህቷ እንደወጣች ባሏ መደርደሪያው ላይ የተወው ስልክ ጮኸ። እጇን አድርቃ አነሳችው። የሴት ድምፅ ነው።

«እህሳ፣ ዛሬስ ተመዘንክ? ሁለት ኪሎ ብቻ እኮ ነው የቀረህ፤ በርታ እንጂ!»

ዘጋችው። እናቷን እያጣች ነው፤ አሁን ደግሞ ባሏን ልታጣ ነው። ብትጠይቀው መልሱን ይነግራታል፤ ከነገራት ደግሞ ሁለቱን ባንዴ መሸከም አለባት። ስለዚህ ስልኩን ቦታው መልሳ ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው አልመጣም።

ከሳምንት በኋላ ባሏ ትንሽ ቦርሳ አዘጋጀ።

«የመስክ ሥራ አለብኝ። ጥቂት ቀን እቆያለሁ።»

በሩ ላይ ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ አቀፋት። እሷም የማይመለስ ሰው እንደምትሸኝ ሆና ተሰናበተችው።

በነጋታው እህቷ በደስታ እያለቀሰች ደወለች። ለእናታቸው ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል፤ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ጥላ ሮጠች። ሆስፒታሉ መጠበቂያ ወንበር ላይ ከእህቷ ጋር ዋለች። አመሻሽ ላይ እናታቸውም ሰጪውም በሰላም ወጡ ተባለ።

«ሰውየውን አሳዪኝ፤ እግሩን ልሳመው» ብላ ሲስተሯን ለመነቻት።

ሲስተሯ በመተላለፊያው መራቻት። «እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ፣ እህቴ! ግን አስታማሚ እንኳ የለውም። ለሚስቱ ሳይነግር ነው የመጣው።»

«ለምን?»

«ኪሎዬ ለቀዶ ጥገናው እስኪወርድ በባዶ ተስፋ አላደክማትም ብሎ ነው» አለች ሲስተሯ፣ መጋረጃውን እየገለጠች።