ስም ያጣችው የጉና ሽበት

ጓድ ጌጡ የይለፍ ወረቀት ሊያስመታ የመጣውን የማሩን ሻንጣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ስልሳ የወረቀት ፖስታ፣ በየፖስታው ከአለት የተፋቀ የድንጋይ ሽበት፣ ከላዩ የፈረንጅ ጽሕፈት። የቀበሌ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉድ አይቶ አያውቅም።

«ደብተራ ነህ፤ መድኃኒት ለቃሚ።»

«የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነኝ፣ ጓድ» አለ ማሩ። «ፍቄ፣ አድርቄ፣ አዲስ አበባ የዕፅዋት ቤተ መዘክር አስገባዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ይቀመጣል።»

እንዲህ ያለ መልስ ማንን ያሳምናል? ማሩ ራሱ አፈረበት። ጓድ ጌጡ ባለፈው እሑድ ሕዝብ ሰብስቦ ደብተራና አስማትን ሁለት ሰዓት ሙሉ አውግዟል፤ አሁን ይቃጠል ቢል ከልካይ የለውም። የሦስት ሳምንት ልፋት አመድ ሊሆን ነው። ሌላው ይቅር፣ ያቺ ከጉና ተራራ ያወረዳት ብርቱካናማዋ! መጽሐፍ አገላብጦ ያጣት፣ ምናልባትም ዓለም ያላያት፣ ያለችውም አንዲት ብቻ።

ሊቀመንበሩ ግን ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ባለቤቴ ፈንታነሽ ይፋግ አባቷ ቤት ከገባች ወር ሆናት። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ እንቢ አለች። ከእነዚህ የትኛው ነው የሚመልሳት?»

«ጓድ፣ ይኼ እኮ ሽበት ነው።»

«ይች ማን ትባላለች?» ብርቱካናማዋን አንስቷል። የሌሎቹ ሁሉ ስም ተጽፏል፤ የእሷ ቦታ ባዶ ነው።

«ስሟን አላውቀውም» አለ ማሩ፤ እውነቱን ነው።

የጓድ ጌጡ ፊት በራ። ዋናው መድኃኒት ስሙ እንደማይነገር እንኳን እሱ፣ የሰፈሩ ሕፃን ያውቃል።

«ገባኝ፣ መሪጌታ። አይንገሩኝ።»

ማሩ አላውቅም ብሎ በማለ ቁጥር ክብሩ እየጨመረ ሄደ፤ ወንበርም ተሳበለት። ሲጨንቀው ምላጭ አውጥቶ የጉናዋን ለሁለት ከፈላት። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን አስተያየና ትልቁን አነሳ። የካኪ ኮቱ ደረት ኪስ ከትቶ ቆለፈበት፤ የይለፍ ወረቀቱንም ማኅተም መታ።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና ሲነሳ ማሩ በልቡ ለደብረ ታቦር ኢየሱስ ጧፍ ተሳለ፤ ፈንታነሽ ቶሎ እንድትመለስ። ካልተመለሰች ሰውየው ለቀረችው ግማሽ አዲስ አበባ ድረስ መምጣቱ አይቀርም።