ነጠላ የማይነጠፍበት ሶፋ

ጎረቤቷ እትዬ ስንቅነሽ አራስ ልትጠይቃት መጥታ፣ አሮጌው ሶፋ ላይ ከመቀመጧ በፊት ነጠላዋን ያነጠፈችበትን ቀን አጸደ አልረሳችም። ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል። አንዷማ ሳቋን ለመደበቅ አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

«ቆይ፣ አሳያታለሁ!» ብላ ዛተች አጸደ።

ከወሊድ ፈቃድ እንደተመለሰች፣ ለሁለት ዓመት ከደመወዟ የሚቆረጥ ብድር ወሰደች። ባሏ «ኧረ ተይ፣ የዳይፐር ወጪ አለብን» ቢላት «ክብሬን ከዳይፐር ጋር አታወዳድር!» ብላ አፉን አስያዘችው። መርካቶ ወርዳ፣ ነጋዴው «ትናንት ከቱርክ የገባ ነው» ብሎ የማለላትን ወርቅማ ሶፋ አስጭና መጣች።

የልጇ የመጀመሪያ ልደት ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እትዬ ስንቅነሽ ስትገባ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ! ነጠላዎን ግን እንዳያነጥፉ፤ ጥለቱ ጨርቁን ይቧጭርብኛል» አለቻት።

አጸደ ይህችን ደቂቃ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

እትዬ ስንቅነሽ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ የሶፋውን የእንጨት እግር ዳበሰችና ፈገግ አለች።

«ጨርቁን ቀየሩት እንጂ የኔው ሶፋ ነው» አለች። «ይኸው፣ የመጨረሻ ልጄ ጥርስ ሲያበቅል የቆረጠመው እግር! ዕዳ አናቴ ላይ ሲወጣ ለነጋዴ ሸጬው፣ በሱ ነው ዕዳዬን የዘጋሁት። አንቺ በስንት ገዛሽው?»

ነጠላዋን ሳታነጥፍ ተደላድላ ተቀመጠች።