ከቀኝ በኩል የሚቀመጠው

የእንጨት መላጫው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ሲዞር፣ መሮዬ እንጨቱን ሲልጥ፣ ሰማያዊ መስመር ብቅ አለ። ማሽኑን አጠፋሁት።

"ምን ሆነ? ተሰበረ?" አለች የወንድሜ ልጅ። በሩ ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ለደንበኛ ብዬ የገዛኋት በርጩማ ነበረች፤ ሰው ከተቀመጠባት ስንት ጊዜ እንደሆናት እንጃ።

"ምንም አልሆነ። ዝም ብለሽ ጠብቂ።"

ይህቺን ልጅ ያወቅኳት ባለፈው ሳምንት ነው። ከአባቷ ጋር ከተኳረፍን ሃምሳ ዓመት አልፏል።

"አጎቴ፣ አባዬ የማታ ትምህርት ጀምሯል" ብላ ነበር የመጣችው። "የስምንተኛ ክፍል ሊፈተን ነው። ጥሩ እስክሪብቶ ልሰጠው ፈልጌ ነው።"

"በስድሳ አራት ዓመቱ?"

"አብረውት የሚማሩት ልጆች 'ጋሼ፣ ትንሽ ያሳዩን' ይሉታል። እሱ ደግሞ ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ ይቆጣቸዋል።"

ወንድሜ መሆኑን በዚህ ብቻ ለየሁት። እሺ አልኳት፤ ስሜን ግን እንዳትነግረው አስጠነቀቅኳት። ፈተናው ነገ ነው።

እንጨቱ የአባታችን ጠረጴዛ ነው። አባታችን ጽሑፍ ገልባጭ ነበር። እኔና ወንድሜ በጠረጴዛው አንድ ጎን ተደርድረን እናጠናለን፤ እኔ ከቀኝ፣ እሱ ከግራ፣ በየፊታችን የቀለም ብልቃጥ። አንድ ቀን ቀለም ተደፋ፤ አባታችን ሦስት ወር የለፋበት መጽሐፍ ተበላሸ። "ከግራ በኩል ነው የመጣው" አልኩ። አፈኛ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ሲናደድ ቃል ይጠፋዋል። እሱ በቅጣት ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጋራዥ ገባ፤ እኔ ተማርኩ። አባታችን ጠረጴዛውን በመላጊያ ፍቆ ቫርኒሽ ቀባው። ቀለሙም ጠፋ፣ ነገሩም ተዘጋ።

አልዋሸሁም። እንደዚያ ነው የታየኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማልልኝ የሚል ቢመጣ እምል ነበር።

እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑት ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ናቸው፤ ጥፍር ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ለእስክሪብቶ አይሆንም የሚሉ ባለሙያ ነን ባዮች ሞልተዋል። ስንፍናቸውን በእንጨቱ ያሳብባሉ። የራሱን ብናኝ ከኮላ ጋር ለውሰህ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው ቀዳዳው ይደፈናል፤ እጅ ላይ እንደ ወንዝ ጠጠር ይለሰልሳል።

ለእስክሪብቶው ከቀኙ ጫፍ፣ ከኔ ቦታ ነው የቆረጥኩት። ሆን ብዬ ነው። ሳያውቅ የኔን በኩል ይዞ ይፈተን ብዬ።

አሁን ያ እንጨት መላጊያ እስከማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ሰማያዊ ነው።

ከግራ በኩል ፈሶ መጥቶ ይሆናል አልኩ በልቤ። ቀለም በእንጨት ቀዳዳ ተስቦ ይሄዳል፤ ከተደፋበት እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ይህን ማንም አናጢ ያውቃል። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የጠረጴዛውን ሳንቃ አጋደምኩና መጋዝ አነሣሁ። ከመሐል ቆረጥኩ፤ ሁለት ሦስት ሰማያዊ ነጥብ። ከግራው ጫፍ ቆረጥኩ። ንጹሕ። ወደ ብርሃን ይዤ አገላበጥኩት። አንዲት ነጥብ የለበትም።

"ጠረጴዛውን ጨረሱት እኮ፣ አጎቴ።"

ወደ ቶርኖው ዞርኩ። የብናኙና የኮላው ልውስ በጣሳ ክዳን ላይ ተዘጋጅቷል። ሁለቴ ባሸው ሰማያዊው ይሸፈናል። አውራ ጣቴን ልውሱ ውስጥ ነከርኩ።

"አባትሽ ስለዚያ ቀን ነግሮሽ ያውቃል?" አልኳት ዞር ሳልል።

"አንዴ ብቻ። 'እኔ ደፍቼው ይሆናል' አለ።"

"ይሆናል?"

"'እኔ እንዳልደፋሁት ነበር የማውቀው' አለኝ። 'ግን ወንድሜ ያን ያህል አምርሮ የተናገረው ቢያይ ነው፤ ስለዚህ እኔ ነኝ ማለት ነው' አለ።"

ጣቴን ከልውሱ አወጣሁና በሽርጤ ጠረግሁት።

ቶርኖውን አስነሥቼ የቀረውን ላጥኩ፤ በዘይት ብቻ ወለወልኩት። ቀዳዳዎቹን አልነካኋቸውም። ከሹሉ እስከ ራሱ የሚሄዱት መስመሮች ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። እስክሪብቶውን ገጣጥሜ ሰጠኋት።

በጣቷ ዳሰሰችው። "ይሻክራል።"

"ይሻክር።"

"እሱ ነገር ያበዛል። ለምን አልለሰለሰም፣ ማነው የሠራው ማለቱ አይቀርም። ምን ልበለው?"

"ከቀኝ በኩል የሚቀመጠው ነው በይው።"

"እሱ ብቻ?"

"ሰማያዊውን መስመር አሳዪው። እንጨቱ ከአባታችን ጠረጴዛ ቀኝ ጫፍ እንደተቆረጠም ንገሪው።"

በቦርሳዋ ውስጥ በመሐረብ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ላመሰግን ስትል በእጄ ወደ በሩ ጠቆምኩ፤ ፈተናው ነገ ነው፣ ሂጂ። ሄደች። በርጩማዋን ወደ ቦታዋ ልመልሳት ብዬ ተነሣሁና ተውኳት፤ ልጅቷ እንደተወቻት ቀረች።

ሰጋቱራውን ጠረግሁ። የተቆረጡትን ጫፎች፣ ንጹሑንና ከእስክሪብቶው የተረፈውን ሰማያዊ፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ። ክዳኑን ላጥብ ሳነሣው ልውሱ ደርቋል። መሐሉ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እንደታተመ ደንድኗል።