አሥራ ዘጠኝ ጠያቂ

አደጋ ላይ የወደቀው ሀብት የአርባ ዓመት ስም ነበር።

ሰውየው ያን ስም ያፈራው ከባዶ እጅ ተነስቶ ነው። ምስማር በፍሬ እየሸጠ ጀምሮ ባለ ሁለት በር የብረታ ብረት ሱቅ ከፈተ። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካካደ ሸሪክ ሁሉ ደጃፉ ድረስ ሲመጣ እሱ ይዳኘዋል። ሰፈሩ «ሚዛኑ» ይለዋል። ለማንም አድልቶ፣ በማንም ፊት አልቅሶ አያውቅም። አምና ሚስቱ ስትሞት እንኳ ለለቀስተኛው ወንበር እየቆጠረ ያስቀመጠው እሱ ነው።

አሁን ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ከአንድ ልጁ ጋር ነው። ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጠዋት አምቡላንስ ከግቢያቸው ሲወጣ ያየ ዘበኛ «ከዚያ ቤት ሰው ራሱን ሊያጠፋ ነበር አሉ፤ እግዜር አተረፈ» ብሎ ነበር። ወሬ ደግሞ ጫማ እስኪያደርግ አይጠብቅም። የቤቱን ገመና ያልሸፈነ ሰው ከእንግዲህ የሌላውን ሊዳኝ አይቀመጥም።

የሰውየው እህት ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። አባትና ልጅ ተያዩ።

መጋረጃው ሲገለጥ ልጅቷ አንሶላውን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። አባቷ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ግሉኮሱ ብረቱ ላይ ተሰቅሏል፤ ቱቦው ተጠቅልሏል።

«ምን ጎደለብሽ?» አለች አክስትየው ገና ሳትቀመጥ። «ባል ተገኝቶልሽ፣ ሠርግሽ ደርሶ! የወንድሜን አንገት ልታስደፊው ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተያት» አለ አባትየው።

«አንተም አለልክ አቀማጠልካት፣ ጋሼ!»

ከዚያ ጎረቤቱ ገባ፤ የሱቁ ሠራተኞች ተከተሉ። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ» ቢባልም ማን ሰምቶ። ሰውየው እንደ ልማዱ ቆጠረ፤ አሥራ ስምንት ሞሉ። ሁሉም ልጅቷ ላይ እያጎነበሰ «አይዞሽ» አላት።

«ሲከፋሽ ለምን አልነገርሽንም? እኛ ሞተናል እንዴ?»

«ቤቴ ቤትሽ አይደለም? ማታ ማታ መጥተሽ ብታወሪኝ ምን ነበር?»

እያንዳንዷ ቃል ስትወጣ ሰውየው ተናጋሪውን ቀና ብሎ ያይ ነበር።

ጎረቤታቸው ሹፌር ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ሚዛኑ፣ አንተስ ምን ትሆናለህ! ብረት ስትሸጥ ብረት ሆነህ ቀርተሃል። ለእሷ ነው ማሰብ።»

አንዲት ነርስ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አልጋውን አየች፤ ወንበሩን አየች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«እባክሽ፣ ትንሽ ቆየት ብለሽ» አለቻት ልጅቷ። ነርሷ ተመለሰች።

በመጨረሻ አሥራ ዘጠነኛዋ፣ የእጮኛዋ እናት መጡ። ወንበር ቢለቀቅላቸውም አልተቀመጡም።

«እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ። አትፍረጅብኝ፤ እኔም እናት ነኝ። እንዲህ ያለው ነገር በዘር ይሄዳል ሲሉ እሰማለሁ። ልጄም ነገ ይወልዳል።»

ልጅቷ ቀለበቱን አውልቃ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

አባትየው ብድግ አለ። «ይቆዩ፣ እኔ እኮ...»

«አባዬ፣ ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ሴትየዋ እስኪወጡ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ጠያቂው አንድ በአንድ ተሰናበተ። ኮሪደሩ ላይ ስለ ሰውየው የሚወራው አንድ ነገር ነበር፤ «ምስኪን! እንዴት ችሎታል!» ስሙ ጭረት ሳይነካው ተረፈ።

መጋረጃው ተዘጋ። ልጅቷ ከአልጋው ወረደች፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። የአባቷን ካፖርት ቁልፍ በቁልፍ ፈታች፤ ከሥሩ የሕመምተኛ ልብስ ታየ። ደግፋ አስተኛችው። ነርሷ ገብታ ቱቦውን ከግራ እጁ ጋር መልሳ እያያያዘች፣ ቅድም ልትጠይቅ የመጣችውን ጠየቀች።

«አባቴ፣ ሲከፋዎት ከጎንዎ የሚቆም ስንት ሰው አለዎት?»

ሰውየው ባዶውን የቀረውን የልጁን ጣት አየ።

«አንድ» አለ።