የተመለሰው ዝናብ

የጎረቤቴ የእትዬ ፈለቀች ጃንጥላ ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ያየሁት «ሁሉ ሰላም ነው» ብለው ከተቀመጡ በኋላ ነው። በእኛ ግቢ ቀኑን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የሰኔን ዝናብ በስልክ መመለስ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ማታ ማታ የነገውን ትንበያ አይቼ እመልሳለሁ። ልጄን ሶስናን ብርድ ሲነካት ደረቷ ይታፈናል። የተመለሰ ዝናብ ግን አይቀርም፤ ያልመለሰ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወርዳል። እትዬ ፈለቀች ደግሞ «የእግዜር ውሃ አይመለስም» ባይ ናቸው።

«ዛሬ ሦስቴ ዘነበብኝ» አሉ እየሳቁ። «በስተርጅና ሊያጠምቁኝ ነው መሰል! የጓዳው ግድግዳ ተናደ።»

«ማን መልሶት ይሆን?» አልኩ።

«እንጃ። የሶስናን ሳል በአጥሩ እሰማዋለሁ። ዛሬ ቀለል ብሏታል አይደል?»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ነገ ሳሉ ሲብስባት ከአሁኑ ታየኝ። ቢሆንም ስልኬን አንስቼ መልሼው የነበረውን የነገ ዝናብ ተቀበልኩ። አልጋዬን ለእትዬ ፈለቀች አነጠፍኩ፤ በሚያፈሰው ጣሪያችን ስር ሳፋ አስቀመጥኩ፤ ሶስናን በጋቢዬ ጠቀለልኳት። ከዚያ ሦስታችንም ውስጥ መሆናችንን አይቼ በሩን ቆለፍኩ።