የእሑድ ክርክር

ካለፈው ክረምት ወዲህ፣ ባሏና ወንድሟ እሑድ በመጣ ቁጥር ሕይወት ከየት እንደመጣች ይከራከራሉ። ባሏ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ወንድሟ ደግሞ የደብሩ ቄስ። እሷ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው አንቀልባ ጀርባዋን ሰጥታ ታዳምጣቸዋለች።

«ሕይወት የጀመረችው ከውኃ ውስጥ ነው፣ መምሬ» አለ ባሏ። «ንጥረ ነገር ከንጥረ ነገር ሲገናኝ፣ በራሷ ጊዜ።»

«ውኃውንስ ማን ቀዳው፣ አንተ ሰው? እፍ የሚልበት ከሌለ አፈር ያው አፈር ነው።»

«እፍ ሲል ያየ አለ?»

«ንጥረ ነገሮችህ ሲጋቡስ አንተ ሚዜ ነበርክ?»

ተሳሳቁ። ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ከጓዳ የሕፃን ለቅሶ ይሰማታል። ዛሬም ተሰማት። ሁለቱ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«የመጣችበትን ተዉት» አለች በድንገት። «የት ሄደች?»

ስለ ማን እንደጠየቀች ሁለቱም ገባቸው። አንድያ ልጇ ባለፈው ክረምት የሞተችው ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ነበር። ወንድሟም ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም ስላለ፣ የተቀበረችው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው።

እሷ የምታየው ወንድሟን ነበር። መልሱ የመጣው ግን ከባሏ ነው።

«እግዚአብሔር ጋ ናት» አለ። ከዚያም ዞሮ የቄሱን ነጠላ ያዘ። «አይደለም እንዴ፣ መምሬ? ንገሯት እንጂ!»

ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ የእጅ መስቀሉን በነጠላው ጫፍ ይወለውል ጀመር።

ጓዳ ውስጥ ለቅሶው አላቆመም።